የሱስንዮስን ታሪክ ለመቃብር መከልከያ አታድርጉት

ወገኖቼ፣ ከባሱንዳ እስከ ጡነይድባ፣ ከኡም ራኩባ እስከ ገዳሪፍ ከተማ ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ይህን በሰው ስልክ የምታነቡ ዘመዶቻችንም፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ዛሬ የምጽፈው ረጅም ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ የምትወጡ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከተናደዳችሁም አንብባችሁ ተናደዱ።

ባለፈው ሳምንት ካምፓችን ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ እኔ ክፍል ይማራሉ። እንደ ብዙዎቻችን ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ወባ ይዞት ተመልሶ፣ በአራተኛው ቀን አረፈ። ይህ ሰው ካምፕ ከገባ በኋላ ጴንጤ ሆኖ ነበር። ለቅሶው ሲሰማ የዕድራችን ሰዎች ተሰብስበው «የእኛ አይደለም፣ የራሱ ሰዎች ይቅበሩት» አሉ። የራሱ የተባሉት ሰዎች ሦስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓድ የሚቆፍር ጠፋ። ሬሳው በዚያ ሙቀት አደረ።

ጠዋት ከጎናችን ካለው መንደር ሱዳናውያን ገበሬዎች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ሰምተው ነው የመጡት። ሃይማኖቱን አልጠየቁም። ቆፈሩ፣ ቀበሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ይርሐሙ» ብለው ሄዱ። የእኛ ሰዎች ከሩቅ ቆመው ያዩ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ሁላችንም ባለንበት ግሩፕ የፋሲል ግንብ ፎቶ ተለጠፈ። ከሥሩ «ሱስንዮስን ያወረደ ሕዝብ ለከሃዲ መቃብር አይሰጥም» ይላል። ከመቶ በላይ ሰው ወደደው። ከወደዱት ውስጥ ተማሪዎቼ አሉበት።

እንግዲህ ታሪክ ከጠራችሁ እኔም የታሪክ መምህር ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ ዛሬ በፕላስቲክ ሸራ ሥር ያለ መጽሐፍ አስተምራለሁ። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አባቴም ቀዳሽ ነበር። «ጴንጤ ነው ከጀርባህ ያለው» የሚል ካለ ከአሁኑ ይተው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ከሱስንዮስ በፊት ሌላ ንጉሥ ነበረ፤ አፄ ዘድንግል። በ1603 ነገሡ። በዚያው ዓመት ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ አገራችን ገባ። ንጉሡ በትምህርቱ ተማረኩ፤ የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር አዘዙ፣ ለሮማው ጳጳስና ለስፔን ንጉሥ ደብዳቤ ጻፉ። ዘሥላሴ የሚባል መኮንን አመፀባቸው። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ (በፋሺስት ዘመን የተሠዉት አይደሉም፣ የቀድሞው ናቸው) ሠራዊቱን ለንጉሡ ከማለው መሐላ ፈቱት። በጥቅምት 1604 ደምቢያ ውስጥ ባርጫ ላይ ዘድንግል ተገደሉ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የነገሡት። ሕዝብ በእምነቱ ሲመጡበት ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ታይቷል። ማየት የፈለገ ግን አልነበረም።

አፄ ሱስንዮስ በ1607 ጎጃም ውስጥ ጎል ላይ አፄ ያዕቆብን አሸንፈው ዙፋኑን ያዙ። በዚያ ጦርነት ያዕቆብም፣ መሐላ የፈቱት አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ሱስንዮስን ሞኝ አድርጋችሁ አትሳሏቸው። በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው አብረው ኖረዋል፤ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን ተምረዋል። የስደትንም ኑሮ ያውቁታል፤ ዙፋኑን እስኪይዙ ድረስ ከበረሃ በረሃ ሲዞሩ ነው የኖሩት። ካቶሊክነቱ የመጣው በእምነት ብቻ አይደለም። ንጉሡ የፖርቱጋል ጠመንጃና ወታደር ይፈልጉ ነበር። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ትእዛዝ ያለበት፣ መኳንንቱ የማይገዳደሩት መንግሥት ይፈልጉ ነበር። የጠበቁት የፖርቱጋል ጦር ግን አልመጣም። የመጡት ቄሶች ናቸው።

አሁን ፎቶውን የለጠፈው ወንድማችን የዘለለውን ነገር ልንገራችሁ። ሱስንዮስ ማስገደድ የጀመሩት በኦርቶዶክሱ አይደለም። ከዚያ በፊት በሰሜን ተራሮችና በደምቢያ በሚኖሩት ቤተ እስራኤሎች ላይ ዘመቱ፤ መሪያቸውን ጌዴዎንን ገደሉ፤ የተረፉትን ክርስትና ተነሡ ወይም ሙቱ አሉ። ያን ጊዜ ማን ጮኸ? ማንም። ግዳጁ የፈላሻ ነው ተብሎ ታለፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያው ግዳጅ፣ ያው ንጉሥ፣ ያው ወታደር በባላገሩ ቤት ደጃፍ ቆመ። በጎረቤትህ ላይ ሲያዩ ዝም ያልኸው ነገር አንተ ቤት ሲደርስ ለምን ትገረማለህ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1617 አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ተነሡ፤ ሁለቱም ሞቱ። በ1622 ንጉሡ ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። በ1625 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ገባ፤ በ1626 መጀመሪያ ደንቀዝ ላይ ንጉሡ ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን ማሉ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር ይባላል፤ ቀስ ብሎ ያስተምር ነበር። ሜንዴዝ ግን አልታገሠም። ሕዝቡ እንደ አረመኔ እንደገና ይጠመቅ አለ። ቄሶቹ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሜ ይሻር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር ይሁን አለ።

እስኪ አስቡት። የአንድ የላስታ ገበሬ አባት ሞቷል፤ በጥንቱ ሥርዓት ተጠምቆ፣ በጥንቱ ሥርዓት ተፈትቶ ተቀብሯል። አሁን መጥተው «አንተ አልተጠመቅህም» ሲሉት ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? «አባትህም ሳይጠመቅ ነው የሞተው» ማለት ነው። በሙታን ላይ ነው የመጡበት። ሕዝቡ የተነሣው ለዚህ ነው፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተጻፈውን ክርክር አንብቦ አይደለም። ሙታኑን ነክተውበት ነው።

ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመልክአ ክርስቶስ የሚመራው የላስታ ሕዝብ ከ1629 ጀምሮ አመፀ። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ንጉሡ አሸነፉ። ወደ 8000 ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል። ድል ነው መቼም! ግን መኳንንቱ ንጉሡን ሬሳው መካከል ይዘዋቸው ሄዱ። እነዚህ የወደቁት የባዕድ ጦር አይደሉም፤ ክርስቲያኖች ናቸው፣ የራስዎ ሰዎች ናቸው፣ የአንዳንዶቻችን ወንድሞች ናቸው አሏቸው። ያን ጊዜ ነው ንጉሡ የተሰበሩት። በዚያው ወር ይህን እምነት መልካም ነው ብዬ ሰጠኋችሁ፣ ግን ብዙ ሰው አለቀ፣ የአባቶቻችሁን እምነት መልሻለሁ የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ አስነገሩ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እሳቸው እስከ ሞታቸው ካቶሊክ ሆነው ኖሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አረፉ።

ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አፄ ሱስንዮስ የት ተቀበሩ?

አዘዞ። ገነተ ኢየሱስ። ከጎንደር ወደ መተማ የመጣ ሰው ሁሉ በአዘዞ በኩል ነው ያለፈው። ከሃዲ የተባለውን፣ ሕዝብ የጠላውን፣ አገር ያነደደውን ካቶሊክ ንጉሥ ልጃቸው በክብር ነው የቀበሯቸው። ዙፋኑን ከአባታቸው የተረከቡት፣ የእናንተ ጀግና፣ ፎቶውን የለጠፋችሁት ባለ ግንቡ ፋሲል መቃብር አልከለከሉም! እናንተ ከፋሲል በላይ ፋሲል የሆናችሁት ከመቼ ወዲህ ነው?

ስለ ሴቶቹም ልናገር። ግዳጁን የተቃወመው ጎራዴ ያለው ብቻ አይደለም። እናታችን ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን ባለሟል ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ አንገዛም አሉ፤ ተያዙ፣ ተገፉ። በመጨረሻ የት ተጋዙ? ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል ወባና ሐሩር ወዳለበት አገር። ወደ እኛ አቅጣጫ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ሦስት ዓመት ቆዩ። ግን ስደተኛው ሁሉ ወደ እሳቸው ተሰበሰበ፤ የመጀመሪያው ማኅበራቸው የተመሠረተው በግዞት ነው። የሰበሰቡት በአስተናጋጅ ኮሚቴ አይደለም፣ በራሽን ካርድም አይደለም። የታመመ ሲያስታምሙ፣ የሞተ ሲቀብሩ ነው ማኅበር የሆኑት። ስደት ላይ ያለ ዕድር ከዚህ ሌላ ምን ትርጉም አለው?

አሁን ደግሞ ከድሉ በኋላ ያለውን እንይ፤ ይህኛው ግሩፑ ውስጥ አይለጠፍም።

አፄ ፋሲል ሃይማኖት መለሱ፤ ሕዝቡ ደስ አለው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ሚሲዮናውያኑ በ1634 ከአገር ወጡ። ያ ኩሩ ሜንዴዝ ራሱ ሱዋኪን ላይ በቱርኩ ፓሻ እጅ ወድቆ በቤዛ ነው የተለቀቀው፤ እዚሁ በምሥራቅ ሱዳን እኛ በምናውቀው ባሕር ዳር። እሺ፣ ይህስ ይሁን። ግን እዚያ አልቆመም። የንጉሡ አጎት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እምነቴን አልለውጥም ስላሉ ተጋዙ፣ በኋላም ተገደሉ። በ1638 ሁለት የካፑቺን ቄሶች ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። በፋሲል ልጅ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ደግሞ የጎንደር እስላምና ፈላሻ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው ይስፈር ተባለ። በ1669 የቀሩት ካቶሊኮች፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ የፖርቱጋል ወታደሮች የልጅ ልጆች፣ ወይ እምነታችሁን ለውጡ ወይ አገር ልቀቁ ተባሉ። እንቢ ያሉት ወዴት ተባረሩ መሰላችሁ?

ወደ ስናር!

ከጎንደር ወደ ስናር ነጋዴው የሚወርደው በጭልጋ፣ በመተማ ነው፤ ከዚያ ይህን ጥቁር አፈር ሜዳ ይዞ ወደ ምዕራብ ነው። እኛ ጫማችን ተበጥሶ የመጣንበት መንገድ። «ከሃዲ» ተብለው ልጆቻቸውን ተሸክመው በዚህ የወጡት ከእኛ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድመውናል።

ይህች መንገድ ስንቱን አይታለች! በሱስንዮስ ዘመን መጀመሪያ ከስናር ዙፋን የተባረረው አብዱልቃድር ወደ እኛ ሸሸ፤ ሱስንዮስ ተቀብለው ጭልጋን ሰጡት። ሙስሊም ንጉሥ ነበር፤ መጀመሪያ ተጠመቅ አልተባለም። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ ሲባል ከፊሉ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ወረደ። በ1984 ቤተ እስራኤሎች ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በዚሁ መጡ፤ ብዙዎቹ ኡም ራኩባ ላይ በረሃብና በበሽታ አልቀው እዚያው ተቀበሩ። ያ በሱስንዮስ ጊዜ ጩኸቱን የሚሰማለት ያጣ ሕዝብ! በ2020 እና በ2021 እኛ መጣን፤ ከተለያየ ወገን፣ አንዳችን ሌላችንን እየፈራን። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያኑ ራሳቸው በተቃራኒው ወደ መተማ ወጡ። መንገዷ ማንንም ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብላ አታውቅም። የምትጠይቀው ሰው ብቻ ነው።

«ፋሲል ባያባርሩ ኖሮ ሰላም አይኖርም ነበር» የሚል አለ። ሰላም መጣ ወይ? ካቶሊኩ ከወጣ በኋላ ቅባትና ተዋሕዶ ተባብሎ የራሳችን ካህን ከራሳችን ካህን ጋር ተወጋገዘ፤ ጎጃምና ጎንደር በዚህ ሲናጡ ኖሩ። ባዕዱ ሲያልቅ ወንድም ባዕድ ይሆናል። ሌላ የሚለይ ሰው ካልተገኘ ደግሞ ከአንድ ማዕድ የበላነውን እንለያለን።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞችም በ1688 ካቶሊክ ንጉሣቸውን ጄምስ ሁለተኛን አባረሩ። ፈረንሳይ ገብቶ በስደት ሞተ። እንግሊዞቹ ነፃነት መጣ አሉ፤ ነገር ግን ተራው ካቶሊክ ፓርላማ መግባት የተፈቀደለት በ1829 ነው። ንጉሥ ለማውረድ ጥቂት ሳምንት በቃ። ከድል የተረፈውን ጥላቻ ለማውረድ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

አሁን የእናንተን ክርክር ልመልስ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር «መምህር፣ አንተ አታውቅም፤ እነዚህ ሰዎች ችግራችንን አይተው በዱቄትና በሳሙና ነው ሃይማኖት የሚያስለውጡት» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። እሺ። እንዲያ የሚያደርግ ካለ ነውር ነው፤ እኔም እቃወመዋለሁ። የተራበን ሰው ነፍስ በዱቄት መግዛት ከሱስንዮስ ጉልትና ሹመት አይለይም። ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የሞተው ሰው ዱቄት ሰጪ አልነበረም፤ እንደ እኛው ለማኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ዱቄት አሸነፈን ካላችሁ እኛ ምን ሰጠነው? ሲታመም ማን ጠየቀው? ሦስተኛ፣ ለትምህርት መልሱ ትምህርት ነው፤ ለስብከት መልሱ ስብከት ነው። ለስብከት መልሱ ሬሳ ማሳደር ነው የሚል የትኛው መጽሐፍ ነው? የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ የሞተበትን ቅበሩ እንጂ ጠይቃችሁ ቅበሩ ብላ አላስተማረችንም። የማናምንበትን ጸሎት እንድናደርስ ማንም አልጠየቀንም። የተጠየቅነው አካፋ ነው።

ኋላ እመለስበታለሁ ያልኳችሁ ይህ ነው። ያ የላስታ ገበሬ ሱስንዮስን እንቢ ያለው ሙታኑን ስለነኩበት ነው። እኛ በዚያ ገበሬ ስም የሰውን ሙት ነካን። ታሪኩን ገልብጠን ያዝነው። ጎራው ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ይመስለናል፤ አይደለም። ጎራው የሚያስገድድና የሚገደድ ነው። ባለፈው ሳምንት እኛ የቆምነው ከሱስንዮስ ጎን ነው፤ ከወይና ደጋ በፊት ከነበሩት ሱስንዮስ ጎን። እሳቸው እንኳ ሬሳውን ሲያዩ ልባቸው ተመልሷል።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፤ ካልተናገርኩ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ግብዝነት ነው። ያን ሌሊት እኔም አልሄድኩም። ለቅሶውን ሰምቻለሁ፤ ድንኳኔ ሩቅ አይደለም። «ነገ ጠዋት ሰዉ ሲረጋጋ እሄዳለሁ» ብዬ ተኛሁ። መምህር ነኝ፣ የዕድር አባል ነኝ፣ ከሰው ጋር መጣላት ፈራሁ። ጠዋት ስደርስ ሱዳናውያኑ አፈር እየመለሱ ነበር። አንዱ ሽማግሌ አካፋውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ሁለት ሦስት አካፋ አፈር ነው የጨመርኩት። የልጁን ፊት ማየት አልቻልኩም። ሰኞ ክፍል ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሥራ ደብተሩን አወጣ። ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው፤ ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ የዕድራችን ሰዎች በመጪው ስብሰባ «በዚህ ካምፕ የሞተ ሁሉ ይቀበራል» ብላችሁ በመዝገብ ጻፉ። ሃይማኖት የሚለው ቃል እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይግባ። ጸሎቱን የራሱ ሰው ያድርስ፤ ጉድጓዱን ሁላችንም እንቆፍር።

ሁለተኛ፣ ለሟች ቤተሰብ እንደ ማንኛችንም የሚዋጣው ይዋጣ። አርባው ሳይደርስ። እኔ የመጀመሪያውን አዋጥቻለሁ።

ሦስተኛ፣ የግሩፑ አድሚኖች ያንን ፎቶ አውርዱት። ለፋሲል ግንብ ስድብ ነው። የለጠፈው ወንድማችን ስሙን አልጠራሁም፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ተናዶ ነው። መጥቶ ቢወቅሰኝ ቡና አፈላለታለሁ።

ዲያስፖራ ያላችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። ከዚያ ሆናችሁ በየቀኑ የምትለጥፉት የሃይማኖት ስድብ እዚህ ሸራ ሥር ሲደርስ እሳት ነው። እናንተ ስልክ ዘግታችሁ ትተኛላችሁ፤ እኛ ሬሳ ይዘን እናድራለን። ገንዘባችሁን እናመሰግናለን፤ ጥላቻችሁን ግን መልሱልን።

እናቶቻችን ሲመርቁን «ቀባሪ አያሳጣህ» ነበር የሚሉን። ልጅ ሳለሁ ምን ዓይነት ምርቃት ነው ብዬ እገረም ነበር። እዚህ መጥቼ ነው የገባኝ። ነገ ከመካከላችን ማን እንደሚቀድም አናውቅም። የእናቶቻችን ምርቃት እንዳይከሽፍ፣ ለዛሬው ሰው ቀባሪ እንሁን።

ቀባሪ አያሳጣን። ቸር ያሰማን።